«ወራጅ አለ» ማለት ያቃተኝ ዘመን

ከመገናኛ ተሳፍሬ ጉርድ ሾላ መውረድ ሲገባኝ ሳሊተ ምሕረት የወረድኩባቸውን ቀናት ቆጥሬ አልጨርሳቸውም። ታክሲው ሞልቷል፣ ሙዚቃው ከፍ ብሏል፣ እኔ ኋላ ወንበር ጥግ ይዤ ተቀምጫለሁ። የሚጠበቅብኝ «ወራጅ አለ» ማለት ብቻ ነው። ሁለት ቃል። ገና ከመገናኛ ስንነሳ በሆዴ መለማመድ እጀምራለሁ። ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። ከፊቴ ያሉት ሴትዮ ቦርሳቸውን ሰብሰብ ሲያደርጉ «እሳቸው ሊወርዱ ነው፣ እሳቸው ይላሉ» ብዬ እጠብቃለሁ። አይሉም። ጉርድ ሾላ ያልፋል። ሌላ ሰው «ወራጅ» ሲል አብሬው እወርዳለሁ። ከዚያ እዚያ ጉዳይ እንዳለው ሰው ስልኬን እያየሁ ትንሽ እቆማለሁ። ታክሲው ከዓይን ሲርቅ ዞሬ በእግሬ እመለሳለሁ።

ለምን እንደማደርገው የጠየቀኝ የለም። ማን አውቆብኝ! ቢጠይቀኝ ግን መልስ ነበረኝ፦ «እኔ ኢንትሮቨርት ነኝ፤ ሰው የሚበዛበት ቦታ አይመቸኝም።»

ቃሉን ያገኘሁት እንደ ብዙዎቻችን ከሶሻል ሚዲያ ነው። አንድ ሰው ቴሌግራም ላይ የለጠፈው ጽሑፍ ነበር። ዝምተኛ ሰዎች ብቻቸውን ሲሆኑ ጉልበታቸው ይመለሳል፣ ሰው መሀል ሲውሉ ይደክማሉ፣ ጥቂት ጓደኛ ይበቃቸዋል ይላል። አንብቤ ስጨርስ እፎይ አልኩ። እስከዚያ ቀን የነበሩኝ ስሞች ሌሎች ናቸው። እናቴ «ዓይን አፋር» ትለኛለች። ጎረቤቶች እንደ ቀኑ ሁኔታ አንዴ «ጭምት» አንዴ «ኩራተኛ» ይሉኛል። አክስቴ ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይሄን ልጅ አፉን ማን ሰፋው?» ብላ ቤቱ ሙሉ ወደ እኔ እንዲዞር ታደርጋለች። (እንዳይታይ የሚፀልይን ልጅ ከዚህ በላይ መቅጣት አይቻልም። አክስቴን እወዳታለሁ፤ ይህቺን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁላትም።)

እናም ኢንትሮቨርት ሆንኩ። ስም ከተገኘ ደግሞ ሁሉም ነገር እሱ ሥር ይጠለላል። ስልክ ሲጠራ አላነሳም፤ ኢንትሮቨርት ነኛ። የገዛሁት ቻርጀር ቤት ስደርስ አልሠራ ሲል አልመልሰውም፤ ሌላ ሱቅ ሄጄ ሌላ እገዛለሁ። አንድ ጊዜ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የተሻለ የሥራ መደብ ወጣ። ደመወዙ ጥሩ ነው፣ ሥራውንም አውቀዋለሁ። በየወሩ አዳራሽ ውስጥ ሪፖርት ማቅረብ እንዳለበት ስሰማ ግን ጽፌ የጨረስኩትን ማመልከቻ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። «ለእኔ ዓይነት ሰው አይሆንም» አልኩ። እንዲህ ሲሉት ደግሞ አያሳፍርም፤ እንደውም ትንሽ ኩራት ቢጤ አለው።

ይህንን ስም ያፈረሰብኝ ልቅሶ ነው።

የሥራ ባልደረባዬ እናት አረፉ። ባልደረባዬ ስል እንዲሁ አብሮኝ የሚሠራ ማለቴ አይደለም። ታምሜ ቤት የዋልኩ ቀን ብርቱካን በፌስታል ይዞ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ የወጣ ሰው ነው። ከሥራ ስንወጣ ሁሉም በአንድ መኪና ሄዱ። እኔ «አንዲት ጉዳይ አለችኝ፣ እደርስባችኋለሁ» ብዬ ቀረሁ። ከዚያ ብቻዬን ሄድኩ። ድንኳኑ ከአስፋልቱ ይታያል። ወንዶቹ አግዳሚ ላይ በረድፍ ተቀምጠዋል። ስገባ ይህ ሁሉ ሰው ቀና ብሎ ያየኛል። የት ነው የምቀመጠው? ማንን ነው ቀድሜ የምጨብጠው? «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ስል ድምፄ ቢቆረጥስ? ሳላስበው ፈገግ ብልስ? ድንኳኑን አልፌ ሄድኩ። ጥግ ካለው ሱቅ የማልፈልገውን ማስቲካ ገዝቼ ተመለስኩ። አሁንም አለፍኩ። በሦስተኛው የእድሩ ሰውዬ በር ላይ ቆመው ያዩኝ መሰለኝ። ልቤ ድው ድው አለ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ፣ እግሬ በራሱ ወደ ታክሲ ወሰደኝ።

ከቀናት በኋላ ባልደረባዬ ሥራ ሲመለስ «አሞኝ ነበር» አልኩት። «ውይ፣ አሁንስ ተሻለህ? አይዞህ» አለኝ። እናት የሞተችበት ሰው እኔን አይዞህ አለኝ።

ያን ማታ «ብዙ ሰው አይመቸኝም» የሚለውን ነገር ለራሴ ልደግመው ብሞክር አልሄድልኝ አለ። ምክንያቱም ለዝምተኛ ሰው እንደ ልቅሶ ቤት የተመቸ ቦታ የለም። ተጫወት የሚልህ የለም። ሁለት ቃል ትላለህ፣ ትቀመጣለህ፣ መሬት መሬት ታያለህ፣ ንፍሮ ሲሰጡህ ትቆነጥራለህ፣ ሰዓትህ ሲደርስ ትነሳለህ። ዝም ማለት እንደ ወግ የሚቆጠርበት ቦታ ነው። ችግሬ ዝምታ ቢሆን ኖሮ እዚያማ ቤቴ ነበር።

አጎቴ ትዝ አሉኝ። በቤተሰባችን ዝምተኛ ከሚባሉት ሁሉ እሳቸውን የሚያህል የለም። ቀኑን ሙሉ አብረሃቸው ብትውል አሥር ዓረፍተ ነገር አትሰማም። በዓል ሆኖ ቤቱ ሲንጫጫ፣ ምሳ እንደተበላ ቀስ ብለው ይወጡና ጓሮ ጌሾዋ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ታገኛቸዋለህ። ቅሬታ የላቸውም፣ የተከፉም አይደሉም። ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ሥር ያደርጋሉ። ታዲያ እኚህ ሰው ከእድራቸው አንድም ልቅሶ ቀርተው አያውቁም። ይገባሉ፣ ይጨብጣሉ፣ ይቀመጣሉ። ሰው ቢያያቸው ያያቸዋል፣ በቃ። ቀበሌ ጉዳይ ሲኖራቸው መስኮቱ ጋ ቆመው «ወረቀቴ አልደረሰም» ይላሉ። ነገ ይምጡ ሲባሉ በነጋታው ሄደው ያንኑ ይላሉ። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ» የሚሉት በዚያችው ዝግ ባለች ድምፃቸው ነው፤ ረዳቱ ካልሰማ ይደግሙታል።

አንድ ቀን ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ ብዙ ሰው ያለበት ሲገቡ አይጨንቅዎትም?»

ትንሽ አሰቡ። «ይሰለቸኛል እንጂ ለምን ይጨንቀኛል?» አሉኝ።

ይሰለቸኛልና ይጨንቀኛል። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ብዙ አንብቤያለሁ፤ እንደዚህች አጭር አድርጎ የለየልኝ ግን የለም። አጎቴ የሚደክማቸው ከድግሱ በኋላ ነው። እኔ ገና ድግሱ ሦስት ቀን ሲቀረው ደክሞኛል።

ኢንትሮቨርትና ኤክስትሮቨርት የሚሉትን ቃላት በዓለም ያስለመደው የስዊዘርላንዱ የሥነ አእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1921። ለእሱ ነገሩ የዝንባሌ ጉዳይ ነው። የአንዱ ሰው ሐሳብና ጉልበት ወደ ውስጥ ያጋድላል፣ የሌላው ወደ ውጭ። ሙሉ ለሙሉ አንዱን ብቻ የሆነ ሰው የለም ባይም ነው። ከእሱ በኋላ እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሃንስ አይሴንክ ነገሩን ወደ አንጎል ወሰደው። የኢንትሮቨርት አንጎል ድሮውንም የነቃ ስለሆነ ጫጫታ ቶሎ ይበዛበታል አለ። ሰው ምላስ ላይ የሎሚ ጭማቂ ጠብ አድርጎ ምራቅ እስከ መለካት ደርሷል፤ የኢንትሮቨርቶቹ ምራቅ በለጠ። (ንድፈ ሐሳቡ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የሎሚው ነገር ግን ደስ ይለኛል።) ዩንግም ይሁን አይሴንክ ኢንትሮቨርትን ሰው ፈሪ ነው ብለው አልተረጎሙትም።

የሌላኛው፣ የሰው ፍርሃቱ፣ ታሪክ የሚጀምረው ሆስፒታል ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 አይዛክ ማርክስና ማይክል ጌልደር የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ለንደን ላይ የተለያየ ፍርሃት ያለባቸውን ታካሚዎች አነጻጸሩ። የጠየቁት ቀላል ጥያቄ ነው፦ መቼ ጀመረህ? እንስሳ የሚፈሩት ገና በሕፃንነታቸው ነው የጀመራቸው። ሰው ፊት መብላት፣ መናገር፣ መታየት የሚፈሩት ግን አብዛኞቹ ጉርምስና አካባቢ። ስለዚህ ይህ ለብቻው የሚታይ ነገር ነው አሉ። እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር «ሶሻል ፎቢያ» ብሎ በምርመራ መመሪያው ውስጥ አስገባው። አሁን የሚጠራው ሶሻል አንዛይቲ ተብሎ ነው። ማይክ ሲሰጡት የደነገጠ ሁሉ አለበት ማለት አይደለም። መመሪያው ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የቆየ፣ ሥራን፣ ትምህርትን፣ ኑሮን የሚያደናቅፍ ፍርሃት ነው የሚለው። የሚፈራው ደግሞ የሰው ዓይንና ፍርድ ነው። ሳሊተ ምሕረት ላይ ስልኬን እያየሁ የቆምኩባቸው ቀናት አንድ በአንድ መጡብኝ።

እዚህ ድረስ ገብቶኝም ቢሆን አንድ ስህተት አልለቀቀኝም ነበር። ሁለቱ ነገሮች የአንድ መንገድ ጫፎች ይመስሉኝ ነበር። ዝምታ ሲበዛ ፍርሃት ይሆናል ዓይነት። ከዚህ ያወጣኝ አንድ ጓደኛዬ ነው።

ይህ ጓደኛዬ ጨዋታ አዋቂ የሚባል ዓይነት ነው። ሰርግ ላይ እስክስታውን ከሚጀምሩት አንዱ ነው። እሱ የሌለበት ስብስብ ጨው የለውም። አንድ ማታ ከአንድ ልደት ስንመለስ፣ መንገዱ ጭር ብሎ፣ ሁለታችንም ደክሞን፣ እንዲሁ ሳላስበው አወጣልኝ። ሰው ያለበት ቦታ ከመግባቱ በፊት አቅራቢያው ካለ ግሮሰሪ ሁለት ድራፍት ሳይጠጣ አይገባም። በር ላይ ሲቆም መዳፉ በላብ ይርሳል። ቤቱ ሲመለስ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ያወራውን ሁሉ መልሶ ያዳምጣል። ያቺ ቀልድ ከበደች ይሆን? ልጅቷ ለምን አልሳቀችም? ሰዎቹ በሆዳቸው የሚንቁት ይመስለዋል።

«ታዲያ ለምን አትቀርም?» አልኩት። እኔ የማውቀው መድኃኒት እሱ ነዋ።

እንደ ሞኝ አየኝ። «ከቀረሁማ እሁድን ብቻዬን እንዴት ነው የምገፋው?»

እኔ እሁድን ብቻዬን ስውል አንጀቴ ይርሳል። እሱ ይታመማል። ሰው ይርበዋል፣ የሚርበውን ያንኑ ይፈራዋል። ያኔ ገባኝ፤ ሰው መፈለግና ሰው መፍራት ሁለት የተለያዩ ሚዛኖች ናቸው። አጎቴ ብዙ አይፈልጉም፣ አይፈሩም። ጓደኛዬ ይፈልጋል፣ ይፈራል። እኔ የአጎቴ ዝምታና የጓደኛዬ ፍርሃት አንድ ላይ ደርሶኝ፣ ሁለተኛውን በመጀመሪያው ስም ስጠራው ኖሬያለሁ። በኋላ ሳነብ ጆናታን ቺክና አርኖልድ በስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1981 ይህንኑ ለየብቻ ለክተውት አገኘሁ። ከማያውቁት ሰው ጋር ሲያወሩ ከሁሉም በላይ የተጨነቁት ዓይን አፋር ሆነው ሰው የሚወዱት ነበሩ። የጓደኛዬ ዓይነቶቹ ማለት ነው።

ልጅ ሆኜ ለምን ማንም አላወቀብኝም? እንግዲህ ሶሻል አንዛይቲ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ8 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። የእኔን መነሻ አስታውሰዋለሁ፤ ቢያንስ የማስታውሰው እሱን ነው። እንግዳ መጥቶ ቡና እንዳድል ተላክሁ። ሲኒዎቹ ትሪው ላይ ይንቀጫቀጫሉ። ድምፁን ሰው ሁሉ የሚሰማው መሰለኝ፣ በመሰለኝ ቁጥር እጄ ባሰበት። አንዱ ሲኒ የአንድ ትልቅ ሰው ሱሪ ላይ ተደፋ። የተቆጣኝ የለም። «ምንም አይደል፣ ልጅ ነው» ተባለ። ግን ከዚያ ቀን ወዲያ የውጭ በር ሲንኳኳ መጽሐፌን ይዤ ጓዳ እገባለሁ። ቤተሰቤ እያጠናሁ መሰላቸው። ጎበዝ ተባልኩ። ትምህርት ቤትም «ጨዋ ልጅ» ተብዬ አለፍኩ። ክፍል የሚረብሽ ልጅ ወላጅ አምጣ ይባላል። እጁን አውጥቶ የማያውቅን ልጅ ወላጅ አምጣ ያለ አስተማሪ አላጋጠመኝም።

አገራችን ዝምታን ታከብራለች፤ ይህን እንደ ጥፋት አላየውም። ሱባኤ የገባን ሰው «ምን ነካው?» አንለውም። ባሕታዊን ታሟል የሚል የለም። «ዝም አይነቅዝም» የሚል ተረት አለን። ከጎኑ ደግሞ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚልም አለን፤ መሳቢያዬ ውስጥ የቀረችውን ማመልከቻ ሳስብ ትዝ የምትለኝ እሷ ናት። የበለጠ የሚያስደንቀኝ ግን ይሉኝታ የሚለው ቃል ነው። ፍቱት እስቲ፦ «ይሉኛል»። ምን ይሉኛል? ማን ነው የሚለኝ? አልተነገረም። አንድ ሙሉ አገር ቁጭ ብሎ ስለ እኔ ሲያወራ የሚታይበት ቃል ነው። በልኩ ሲሆን መልካም ነገር ነው፤ ይሉኝታ ቢስ መባል ስድብ የሆነው ለዚህ ነው። የእኔው ግን ከልኩ አልፎ ታክሲ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ጃፓኖችም የቀረበ ነገር አላቸው፤ ታይጂን ክዮፉሾ ይሉታል። ፍርሃቱ ሰው ይስቅብኛል ከሚለው ይልቅ እኔ በመኖሬ፣ በፊቴ፣ በጠረኔ ሰውን አስቀይማለሁ ወደሚለው ያዘነብላል። ስለዚህ ሳነብ ከወንበሬ ቀና አልኩ። ልቅሶ ቤቱን ስዞር ከነበሩኝ ፍርሃቶች አንዱ ይሄ ነበር፦ ኀዘናቸውን እረብሻለሁ።

ወደ ባለሙያ ለመሄድ ስወስን ሁለት ወር ዘገየሁ። ምክንያቱ ያስቃል፤ ቀጠሮ የሚያዘው በስልክ ብቻ ነው። ስልክ መደወል ያቃተውን ሰው ደውለህ ተመዝገብ ማለት፣ እግሩ የተሰበረን ሰው ወጌሻው አራተኛ ፎቅ ነው ያለው ውጣ እንደማለት ነው። መጨረሻ ላይ የምለውን ወረቀት ላይ ጽፌ እያነበብኩ ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ «እሺ፣ ማክሰኞ አሥር ሰዓት» ብላ ዘጋችው። ወረቀቱ ላይ ገና አምስት መስመር ቀርቶኛል።

ባለሙያዋ መጀመሪያ አንድ መጠይቅ ሰጠችኝ። ማይክል ሊቦዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው ነው። 24 ሁኔታዎች ተዘርዝረዋል። ለእያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ትመልሳለህ፦ ምን ያህል ትፈራዋለህ፣ ምን ያህል ትሸሸዋለህ። ሰው ፊት መብላት። ሰው እያየህ መጻፍ። ስብሰባ ላይ መናገር። የገዙትን ዕቃ መመለስ (ቻርጀሬ!)። ድግስ መደገስ። «ወራጅ አለ» ማለት የለበትም፤ መኖር ነበረበት። ሞልቼ ስጨርስ አንድ ነገር ጎደለኝ። «ብቻህን መሆን ትወዳለህ ወይ የሚል የለም እኮ?» አልኳት።

ሳቀች። «እሱማ ምን ችግር አለው?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት የነገረችኝ ብዙ ነው፤ ያልለቀቀችኝን ብቻ ልናገር። ዴቪድ ክላርክና አድሪያን ዌልስ የተባሉ እንግሊዛውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 በጻፉት መሠረት፣ እንዲህ ዓይነት ሰው ሰው መሀል ሲገባ ዓይኑ ከሰዉ ላይ ተነስቶ ራሱ ላይ ይተከላል። ላቡን ያያል፣ ድምፁን ያዳምጣል፣ ውጭ ቆሞ ራሱን እንደሚመለከት ይሆናል። ስብሰባ ላይ «እስቲ በየተራ ራሳችንን እናስተዋውቅ» ሲባል እኔ ተራዬ እስኪደርስ ስሜን እለማመዳለሁ። ስሜን! ሠላሳ ዓመት የያዝኩትን! ከእኔ በፊት ያሉት አሥር ሰዎች ማን እንደሆኑ አንዱንም አልሰማም። ከዚያ ደግሞ መሸሸጊያዎቹ አሉ፦ ሲኒ በሁለት እጅ መያዝ፣ በር አጠገብ መቀመጥ፣ ያልተደወለ ስልክ ማንሳት፣ ዓረፍተ ነገር ቀድሞ ደርድሮ መግባት። ያዳኑን ይመስለናል። እነሱን ይዘን ስለምንገባ ግን ባንይዛቸውም ምንም እንደማይመጣ አናውቅም።

የቤት ሥራ ይሰጠኝ ጀመር። ሱቅ ገብተህ ዋጋ ጠይቀህ ሳትገዛ ውጣ። ሰዓት የሌለህ መስለህ መንገደኛ ሰዓት ጠይቅ። ሲኒ በአንድ እጅ ያዝ፣ ይንቀጥቀጥ፣ ማን እንዳየህ ቀና ብለህ ቁጠር። አራተኛው ሳምንት ላይ ታክሲ፣ ኋላ ወንበር።

ያን ቀን ጉርድ ሾላ ስንደርስ «ወራጅ አለ» አልኩ። ድምፄ እንደ ጎረምሳ ልጅ ተሰንጥቆ ወጣ። የዞረ የለም። ረዳቱ እንኳን አላየኝም፤ በሩን ደብደብ አድርጎ «ወራጅ!» አለ፣ ሹፌሩ ጥጉን ያዘ፣ ወረድኩ። ስንት ዓመት የሠራሁት ታሪክ እንዲህ በነፃ አለቀ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቅር አለኝ። ቢያንስ አንድ ሰው ይስቃል ብዬ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ሳሊተ ምሕረት ወረድኩ። እንዲህ እየተጎተተ ነው የሄደው።

ጓደኛዬም በኋላ ሐኪም ዘንድ ሄደ። እሱ መድኃኒትም ታዞለታል። ለዚህ ችግር በብዛት የሚታዘዙት ለድብርትም የሚሰጡት ዓይነቶች ናቸው። እኔ አልወሰድኩም። ሁላችንም መንገዳችን ለየቅል ነው፤ ይህንን ከሐኪም ጋር መነጋገር ነው የሚሻለው።

አንድ ነገር ግን አልጠበቅሁም ነበር። ፍርሃቱ ሲለቀኝ ሌላ ሰው የምሆን ይመስለኝ ነበር። ሰርግ ላይ እስክስታ የምጀምር፣ ታክሲ ውስጥ ከጎኔ ካለው ሰው ጋር ስለ ዝናቡ የማወራ። አልሆንኩም። አሁንም ብዙ አላወራም። አሁንም ሦስት ሰዓት ሰው መሀል ከተቀመጥኩ ጆሮዬ ይሞላል፣ ወጣ ብዬ አየር እወስዳለሁ። ጀበና ጥጄ ብቻዬን የምጠጣት የእሁድ ጠዋት ቡና አሁንም ከምንም በላይ ናት። ለባለሙያዋ እንደ ጥፋት ነገርኳት፣ ያልሠራሁት የቤት ሥራ ያለ መስሎኝ። «እሱ እኮ አንተ ነህ» አለችኝና ወደሚቀጥለው ነገር አለፈች።

ባልደረባዬ ዘንድ ሄጄ አሞኝ እንዳልነበረ ነግሬዋለሁ። ይህን ለመንገር ዓመት ፈጅቶብኛል። «ድንኳኑን ሦስቴ ዞርኩት» ስለው መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ዝም አለ። «ብትገባ ጎኔ አስቀምጥህ ነበር» አለኝ። ስለዚያ ሌላ አላወራንም።

አሁን ግብዣ ሲመጣ ራሴን የምጠይቃት አንዲት ጥያቄ አለችኝ። ማንም የማያየኝ፣ ማንም ምንም የማይለኝ ቢሆን እሄድ ነበር? እሄድ ነበር ካልኩ ፍርሃቱ ነው የያዘኝ፤ ልብሴን እለብሳለሁ። ያኔም አልሄድም ካልኩ በቃ አልፈለግሁም ማለት ነው። ሁልጊዜ ግን እንዲህ ጥርት ብላ አትመልስልኝም።

በጥር አንድ ጓደኛችን አገባ። ሰርጉ ላይ ሄድኩ፤ ከማላውቃቸው ሰባት ሰዎች ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ስሜን ተናገርኩ፣ ከእነሱም የሁለቱን ስም ያዝኩ። መልሱም ላይ ሄድኩ። የቅልቅሉ ቀን ሸሚዜን ተኩሼ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ጥያቄዬን ጠየቅሁ። ማንም ባያየኝስ? አልሄድም። እርግጠኛ ነህ? እንግዲህ... ፍርሃትም ሳይኖርበት አይቀርም፣ ትንሽ። አብዛኛው ግን ድካም ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ሰው በልቻለሁ፣ ጠግቤያለሁ።

መልእክት መጻፍ ይቀላል። ደወልኩ። ያነሳው ያ ጨዋታ አዋቂው ነው። ድምፁ የሚመጣው ከግሮሰሪ ነው፣ ብርጭቆ ሲጋጭ ይሰማል። «አምቦ ውሃ ነው የያዝኩት» አለኝ፣ ሳልጠይቀው።

«አልመጣም» አልኩት።

«ምነው፣ አመመህ?»

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ስንት ዓመት የተለማመድኩት መልስ ነው።

«አይ፣ ደህና ነኝ። ሰው በዛብኝ፤ ቤት ልዋል።»

ትንሽ ዝም አለ። «ይሁና» አለ። «የአንተን ክትፎ እኔ እበላዋለሁ።»